ሲንቄ የወጣበት ደጅ

ሴቶቹ ከገበያው በኩል አስፋልቱን ይዘው ወረዱ። እግራቸው አይቸኩልም፣ አይዘገይም። እያንዳንዳቸው በቀኝ እጃቸው ቀጭን በትር፣ በግራ እጃቸው ከወንዝ ዳር የተነጨ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከፊት የሚመሩት አዴ ጉዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «የቆጠረው ይወቀው» የሚሉ፣ ወገባቸው ግን ከያዙት በትር የማይተናነስ ቀጥ ያለ ባልቴት።

ጊንጪ መኪና ካየች ሰንብታለች። በዚያ በየካቲት 2010 ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ለአውቶብስ ቀርቶ ለባጃጅም የሚሆን አልነበረም። በየመቶ ሜትሩ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ግንድ ተጋድሟል፣ የተቃጠለ ጎማ ተከምሯል። ሱቁ ተከርችሟል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቷል፤ ሰው ወሬ የሚያገኘው እንደ ጥንቱ ባጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ጥቂት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ከታየ ወታደር መጥቶ «ተበተኑ» ይላል። እነዚህ ሴቶች ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውት ነበር።

ከእህል ወፍጮው አጠገብ በቆመችው ፒክአፕ ላይ የነበሩት ወታደሮች መጀመሪያ መሣሪያቸውን አስተካከሉ። የመቶ አለቃው በትሮቹን ልብ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውረዱ» አላቸው። ወረዱ። እሱ አስቀድሞ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ እነሱም ግራ እየገባቸው ተከተሉት። ከወፍጮው አለፍ ብሎ ደግሞ መንገድ የዘጉት ወጣቶች ነበሩ፤ ሲለመኑም ሲተኮስባቸውም አንዲት ድንጋይ ያላነሡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ተጎንብሰው ድንጋዩን ወደ ዳር አንከባለሉትና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ለመንግሥት እምቢ ያለ ድንጋይ ለሴቶቹ ተነሣ።

ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምታስይዛት በትር ናት። ከሃሮሬሳ እንጨት ተቆርጣ፣ ቅቤ እየተቀባች፣ ከዓመት ዓመት እየወዛች ትኖራለች። ሰው አይመቱባትም። ሆኖም ባለትዳር ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም በእርጉዝ ወይም በአራስ ሴት ላይ እጅ ሲነሣ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሊጡን ከነቡሃቃው፣ ጥጃውን ከነረኃቡ ጥለው በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ከፊታቸው የሚያቋርጥ ወንድ የለም። በከተማው ልማዱ ላልቶ ወጣቱ ሁሉ ካያቱ አፍ ብቻ የሚሰማው ነገር ሆኖ ነበርና፣ ያን ዕለት በዓይኑ ያየው ሰው አፉን ይዞ ቀረ።

ባሎች ደግሞ በየአጥራቸው ሥር ሆነው ሕሊናቸውን መረመሩ። ሴቶቹ በደጁ ሲያልፉ «ተመስገን» ያለው ብዙ ነው፤ ሳያልፉ ወደ ጓሮ ሽንት ቤት የገባና የቆለፈም ነበር ይባላል። ሴቶቹ ግን ማንንም ሳያዩ መስጊዱን አለፉ፣ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው የረዲ ቤት አረንጓዴ የብረት በር ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አዴ ጉዴ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሁሉም ሣሩን አንጥፈው ተቀመጡ።

ዙልፋ፣ የረዲ ሚስት፣ ሰባት ወር የገፋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከውስጥ በበሩ ስንጥቅ ታያቸው ነበር። መጀመሪያ የእስረኛ እናቶች መሰሏት። ከወራቤ ተድራ ጊንጪ ከገባች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ አፋን ኦሮሞዋ ከገበያ አላለፈም፣ ስለ ሲንቄም የነገራት አልነበረም። ግን የሴቶቹ ዝምታ አስፈራት። የሚጮህ ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ እነዚህ ምንም አይናገሩም።

«ረዲ፣ ደጃችን ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል» አለች።

ወዲያው የጓሮው አጥር ተንቋቋ። ጎረቤታቸው ኦቦ ባይሳ፣ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ዳኛ፣ ሽማግሌነታቸውን ረስተው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ገቡ። ጋቢያቸውን እሾህ ይዞባቸው ቀርቷል።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?» አሉ።

«ምን አደረግሁ ኦቦ ባይሳ?»

«ሲንቄ ወጥቶብሃል! እርጉዝ ሚስቱን ይደበድባል ነው የሚሉህ። ሲመሽ የሴት ጩኸት ይሰማል፣ ጩኸቱ ሲሰማ ደግሞ ሬዲዮህ ይጮኻል። ሚስቱን የማይመታ ሰው ሬዲዮ ምን ያስጮኸዋል? እውነቱን ልንገርህ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔም ጠርጥሬሃለሁ።»

ረዲ እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ያዘ። እናቱ እማ ሹኩሪያ ከሶፋው ላይ ተነሥተው ተመልሰው ተቀመጡ። ሦስቱም የጩኸቱን ምክንያት ያውቃሉ፤ ሦስቱም አልተናገሩም።

ነገሩ የጀመረው በአምስተኛው ወር ነው። አንድ ቀን ዙልፋ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ልቧ ያለ ምክንያት ተነሥቶ መሮጥ ያዘ። እጇ ደነዘዘ፣ ከንፈሯ ደነዘዘ፣ አየር እየሳበች አየር አጣች። የምሞት ይሆን ብላ አልተጠራጠረችም፤ እየሞተች እንደሆነ አወቀች፤ ሰው ስሙን በሚያውቅበት ማወቅ አወቀች። ጮኸች። ረዲ ከሱቅ ሮጦ ሲደርስ ወለሉ ላይ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ አለቀ። ጉድ እኮ ነው፣ ምንም እንዳልነበረ አለቀ፤ ከተከተፈው ሽንኩርት አንዷ እንኳ አልጠወለገችም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ይመላለስባት ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ። ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ በወሊድ ሞታለች። ያን ምሽት ከደጅ ሆና የሰማችውን ድምፅ ለባሏም ተናግራ አታውቅም። ልጁ በሆዷ በተገላበጠ ቁጥር ያ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይመጣል፤ እንዴት ይህን ለሰው ትንገር? ጤና ጣቢያ ለምርመራ ስትሄድ ክብደቷን መዘኑ፣ ደም ግፊቷን ለኩ፣ «ጎበዝ» ተባለች። እሷም አልተናገረች፣ እነሱም አልጠየቁ።

እማ ሹኩሪያ ክፉ ሴት አይደሉም። ቁርኣን አስነበቡላት፣ ዱዓ የተደረገበት ውሃ አጠጧት፣ ሌሊት እግሯን አሹ። አልለቅ ሲላት ግን ፈሩ። «ልጄ፣ ሰው ከሰማ ጂን ይዟታል ይላል» አሏት። «አንቺን ቢሉሽ ትችዪዋለሽ። የልጁን ስም ግን ሳይወለድ ያጠፉታል። እባክሽ ድምፅሽን ዋጪው።» ዙልፋም ሲመጣባት ነጠላዋን ጠቅልላ መንከስ ለመደች። ነጠላው አልበቃ ሲል ረዲ ሬዲዮውን ይከፍታል። ሦስቱም በፍቅር ያደረጉት ነበር፤ ፍቅራቸው ነው እንግዲህ ሲንቄን ደጃቸው ላይ ያስቀመጠው።

«እና ምን ላድርግ?» አለ ረዲ።

«ሲንቄን አይከራከሩትም» አሉ ኦቦ ባይሳ። «ሣር ይዘህ ውጣ፣ ተንበርከክ፣ አጥፍቻለሁ በል። ወይፈን ይፈርዱብሃል፣ ታርዳለህ፣ ይመርቁሃል፣ ያልቃል። አልመታሁም ካልክ ግን ለምን ትጮኻለች ይሉሃል። ያን ጊዜ ምን ትመልሳለህ? ሳትወጣ ከዋልክ ደግሞ...» ቃላቸውን ሳይጨርሱ በአገጫቸው ወደ መንገዱ አመለከቱ።

ከሴቶቹ ራቅ ብለው ወጣቶቹ ቆመው ነበር። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ከፍርዱ በፊትም አይንቀሳቀሱም። ረዲ ግን የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ሱቁም በጨርቅ የተሞላ ነው፤ ሰሞኑም እንዲያ ያለ ሰሞን ነው።

ረዲ ዙልፋን አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችውን ነገር ኋላ ልጇ ካደገ በኋላ እንኳን ስታስታውሰው እንባዋ ይመጣ ነበር።

«ጂን ይዟታል ከሚሏት ይመታታል ይበሉኝ» አለ።

እማ ሹኩሪያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ረዲ ከውሃ ማስተላለፊያው ቧንቧ ሥር የበቀለ ሣር ነጨ፣ ጫማውን አወለቀ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ዙልፋ በተከፈተው በር ውስጥ ቆመች። ረዲ፣ ቁጣ የማያውቀው፣ ሱቅ ውስጥ ዝንብ ሲያባርር እንኳን «ሂጂ» ብሎ የሚያባርር ሰው፣ በባዶ እግሩ አቧራው ላይ ሲንበረከክ አየች። ከተማው ሁሉ ያየዋል። ከዛሬ ወዲያ በሱቁ ያለፈ ሁሉ «እርጉዝ የሚደበድበው» ይለዋል። ልጁም የደብዳቢ ልጅ ይባላል። አንድ ቃል ብትናገር ባሏ ነጻ ነው። ያችን ቃል ከተናገረች ደግሞ እሷ የጂን ቤት ናት። ልቧ ተነሣ። መጣ፣ መጣ አለች በሆዷ፤ አሁን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ።

«ምን አደረግህ?» አሉ አዴ ጉዴ ረዲን በአማርኛ።

«አጥፍቻለሁ። እጄን አንሥቼባታለሁ። ይቅር በሉኝ።»

«አልመታኝም» አለች ዙልፋ።

ከበሩ ወጥታ ነበር፤ እግሯ መቼ እንዳወጣት አላወቀችም። የሴቶቹ ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አላህ ምስክሬ ነው፣ አንድ ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ውሸቱን ነው።»

ከመካከል አንዲት ጎልማሳ ሴት ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። «እኔም ጥርሴ የወለቀ ጊዜ በር መታኝ ብያለሁ፣ እህቴ» አለች። ሌሎቹም በለሆሳስ አጉተመተሙ። የተመታች ሁሉ እንዲያ ትላለች፤ ይህን የማታውቅ ሴት በመካከላቸው አልነበረችም። ዙልፋ እውነቱን ተናግራ እውነቷ እንደ ውሸት ሲቆጠር አየች። ተጨማሪ ቃል ለማውጣት አፏን ከፈተች፤ አየሩ አልገባም።

እጇ ደነዘዘ። ከንፈሯ ደነዘዘ። የመንገዱ ማዶ ራቀባት፣ የረዲ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሆነ። የዘወትር ልማዷ ወደ ውስጥ መሮጥ ነበር፤ አልጋው ጥግ፣ ነጠላው፣ ጨለማው። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው፣ ሦስት እርምጃ አይሆንም። ግን ከገባች ረዲ እንደተንበረከከ ይቀራል። ስለዚህ አልገባችም። እዚያው በሴቶቹ ፊት መሬት ተቀመጠች፣ ነጠላዋንም ጣለችና ጮኸች።

«ምጥ ነው!» አለች አንዷ። «ኧረ ሌላ ነገር ነው» አለች ሌላዋ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። እማ ሹኩሪያ ከቤት ሮጠው ወጡ፤ የፈሩት ቀን መጣ።

ሃዋኒ ግን ወደ ፊት መጣች። በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ያን ዕለት ግን ጋውኗን ሰቅላ እንደማንኛዋም ባለትዳር በትሯን ይዛ ነው የወጣችው። ዙልፋ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እዪኝ። ሆድሽ ይጠነክራል? ደም ወይም ውሃ ፈስሶሻል? ራስሽን ያምሻል፣ ዓይንሽ ይጋረዳል?»

ዙልፋ ለሁሉም ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሃዋኒ የእጇን ትርታ ያዘች፣ እግሯ አብጦ እንደሆነ አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «እጅሽ ደንዝዟል፣ አይደል? ከንፈርሽም? አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እሞታለሁ ትያለሽ?» አለቻት።

ዙልፋ ቀና አለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይህች ሴት በሆዷ ውስጥ ገብታ ያየች ይመስል ታውቀዋለች።

«ይኼ ነገር ስም አለው» አለች ሃዋኒ። «የድንጋጤ ሕመም ነው፣ ብዙ ነፍሰ ጡር ይይዛታል። ዳገት አድርገሽ አስቢው፤ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሞታ የቀረች የለችም። አትታገዪው። ከምታስገቢው ትንፋሽ የምታወጪውን አስረዝሚው። ቀስ። እንደገና።»

አዴ ጉዴ በትራቸውን ከመሬት ነቀሉ። በአየር ላይም አዞሩት። ሴቶቹ ተነሡ፣ ዙልፋን ከበቡ፣ ጀርባቸውን ለእሷ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው በትሮቻቸውን ጎን ለጎን ተከሉ። አጥር ሆኑ። ከውጭ ማንም አያያትም። ወጣቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፣ ኦቦ ባይሳም በአረንጓዴው በር ላይ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። መኪና የሌለበት ከተማ ዝም ሲል ዝምታው ሌላ ነው፤ ከመንገድ እስከ ወፍጮው ድረስ የሚሰማው የዙልፋ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ማን እንደጀመረችው ያልታወቀ ነገር ተጀመረ። አንዷ ከዙልፋ ጋር አስገባች፣ ከዙልፋ ጋር አስወጣች። ከጎኗ ያለችው ተከተለች። ጥቂት ቆይቶ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ይተነፍሱ ነበር፣ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ። መዝሙርም ዘፈንም አይደለም። ያን ዕለት በመንገዱ ዳር የቆሙ ወንዶች ፊታቸውን አዙረው ሳለ ይህን ሰሙ፤ ብዙዎቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁት ጠጉራቸው ቆመ።

ዙልፋ ከመሬት ሆና አሻቅባ አየች። ቅቤ የጠጡ በትሮች፣ የተሰነጣጠቁ እጆች፣ ከላይ ሰማይ። ዳገቱን ስትወጣ አወቀችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ፣ አሁን ነው፣ አሁን ነው የምሞተው አለች። አልሞተችም። ልጁ በሆዷ ውስጥ ገፋት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ነገር ጫፍ ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ ባዶ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ቁልቁለት ብቻ ነበረው።

«ወረደ» አለች።

ከዚያ ተናገረች። ሽንኩርቱን፣ ምሽቱን፣ ነጠላውን፣ ሬዲዮውን። የእናቷን ድምፅም ተናገረች፤ ረዲ ያን ጊዜ ነው እሱም የሰማው። ስትጨርስ ሴቶቹ ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበሩ። ማንም አልዞረችም፤ አንዷ ግን መንገዱን እያየች፣ «እኔን በሁለተኛዋ ልጄ እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አለች። «በረት ገብቼ የላሟን አንገት አቅፌ አሳልፈው ነበር።»

«እኔ ወንዝ ወርጄ እጮህ ነበር» አለች ጥርሷ የወለቀባት ሴት። «ውሃው ይደብቅልኛል ብዬ።»

ሌላም ተናገረች፣ ሌላም። ጎን ለጎን የኖሩ፣ እሳት የተጫጫሩ፣ እርስ በርሳቸው ያዋለዱ ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸው የሌላዋን አያውቁም ነበር። እማ ሹኩሪያ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይሰሙ ነበር። መጨረሻ ላይ አዴ ጉዴ፣ ያ ሁሉ አገር የሚፈራቸው ባልቴት፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ «እኔ በአምስቱም» አሉ።

ክቡ ተፈታ፣ ሴቶቹ ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ረዲ አሁንም ተንበርክኳል። ኦቦ ባይሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አዴ ጉዴ፣ በደል ከሌለ ሲንቄውም ወደ ቤቱ...»

«ሲንቄ ባዶ እጁን አይመለስም» አሉ አዴ ጉዴ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ኦቦ ባይሳ። በደልማ አለ። ረዲ፣ አልመታሃትም። ግን ሲንቄ ፊት ዋሽተሃል። ለሚስትህ ስትል እንደሆነ ገብቶናል፤ ቢሆንም ውሸት ነው። ወይፈን አንልህም። ነገ ጠዋት በእጅህ ይዘሃት ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። መንገድ ሲከፈት ደግሞ ሃዋኒ አምቦ ሐኪም ዘንድ ትወስዳችኋለች። ውጭ ቆመህ አትጠብቅም፣ ገብተህ አብረሃት ትሰማለህ።»

«እሺ፣ እናቴ» አለ ረዲ።

«እኛም አጥፍተናል።» አዴ ጉዴ ወደ ሴቶቻቸው ዞሩ። «ስንት ምሽት ጩኸት ሰምተን የሰው ቤት ነው እያልን ራታችንን በልተናል? ሴት ጮኻ ዝም ማለት በየትኛው ሕግ ነው? እስክትወልድ ድረስ ሲመሽ አንዳችን እዚህ ቤት እንቀመጣለን። ተራውን እናንተው ተካፈሉት።»

አዴ ጉዴ ቀረብ ብለው ዙልፋን ከላይ ወደ ታች አዩአት።

«አንቺም ጥፋት አለብሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ዙልፋ የጣለችውን ነጠላ አነሣች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ጨርቅ አትነክሺም። ሲመጣብሽ ትጮኻለሽ፣ እኛ እስክንሰማ ትጮኻለሽ። ቅጣትሽ እሱ ነው።» ከያዙት ሣር ከፍለው እጇ ላይ አኖሩላት። «ናጋን ደኢ» አሉ፤ በሰላም ውለጂ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀብለው ደገሙት።

እንደ መጡ ተመለሱ። ወጣቶቹ ከኋላቸው ድንጋያቸውን ወደ መንገዱ መልሰው አንከባለሉ፣ ወታደሮቹም ወደ ፒክአፓቸው ወጡ። የአገሩ ነገር እንደነበረው ቀጠለ።

ሲንቄ ፍርድ ይሰጣል እንጂ ሕመም አይነቅልም። ያኑ ዕለት ፀሐይ ወደ አምቦ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ባለተራዋ ሴት ገና ላሟን እያለበች ሳለ፣ ዙልፋ ልቧ ሲነሣ ሰማችው። መጣ። እጇ በልማዱ ወደ ነጠላው ሄደ። አፏ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ እጅ ያዛት፤ የእማ ሹኩሪያ እጅ ነበር። ነጠላውን ቀስ ብለው ከጣቶቿ አላቀቁት።

«ጩኺ ልጄ» አሉ።

ዙልፋ አፏን ከፈተች። ወራት ሙሉ የታፈነ ጉሮሮ በቀላሉ አልታዘዝ አላት፤ የወጣው ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር። ረዲ ከጎኗ ተቀምጦ «አስወጪው፣ ቀስ ብለሽ አስወጪው» ይላል። እማ ሹኩሪያ አንዴ አዩአት። ከዚያ ተነሡ፣ ግቢውን አቋረጡ፣ የብረቱን በር ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ጥግ ድረስ ከፈቱት። በጊንጪ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ድምፃቸው ከአጥር አልፎ ያልተሰማው፣ ሰው እንዳይሰማ ብለው ሁለት ወር ያልተኙት ሴት፣ መሐል መንገዱ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን በአፋቸው ግራና ቀኝ አደረጉ።

«ኮታ!» ብለው ጮኹ፤ ኑ ማለት ነው፤ ከአፋን ኦሮሞ ከሰላምታ ሌላ የሚያውቁት ያችን ቃል ብቻ ነበር። «ኮታ! ልጄን ይዟታል! ኑልኝ!»

ዙልፋ ወለሉ ላይ ሆና ሰማቻቸው። ከዚያ ከማዶ አንድ መቀርቀሪያ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ የሚሮጥ እግር፣ ብዙ የሚሮጥ እግር። ትንፋሿን አስወጣች፣ ካስገባችው አስረዝማ።